አናጢ ስለ ገዛ ሥራው ሊመሰክር ይገባዋልን?

በፍርድ ስፍራ ሰው ለራሱ ነገር ምስክር እንዳይሆን የቆየ ሥርዓት ነው። ባለጉዳይ ነገሩን ያቀርባል፤ የሚመሰክርለት ግን ሌላ ነው። በገበያ ግን ይህ ሥርዓት ይገለበጣል። ቁም ሣጥን ሊገዛ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ቁም ሣጥኑን የሠራውን ሰው ነው፤ «እንጨቱ ምንድር ነው? ደርቋልን? ስንት ዓመት ይቆያል?» ይለዋል። ተጠያቂው በመልሱ የሚጠቀም መሆኑን ጠያቂው ያውቃል፤ ዐውቆም ይጠይቀዋል፤ እንጨቱን ሳይላግና ቫርኒሽ ሳይቀባ ያየው ከእርሱ በቀር ሌላ የለምና። ስለዚህ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቶ እንጀራውን ከእጁ የሚያወጣ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ በየቀኑ ሻጭም ምስክርም ሆኖ ይቆማል። ሁለቱን በአንድ አፍ ማስማማት ይቻለዋልን? ቢቻለውስ እስከ ምን ድረስ ነው?

አንዳንዶች ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ አላቸው። ሠሪ ዝም ይበል፣ ሥራው ይናገርለት ይላሉ። ለዚህም የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ይጠቅሳሉ። በገመድ በሚወጣበት በዚያ አምባ ላይ ከጥንት ጀምሮ የቆመው ሕንፃ፣ ድንጋዩና እንጨቱ እየተፈራረቀ የተሠራ፣ የደጀ ሰላሙ ጣራ የእንስሳት ቅርጽ በተቀረጸባቸው ጣውላዎች ያጌጠ ነው። የሚያየው ሁሉ ይደነቃል፤ የጠራቢውን ስም ግን የሚያውቅ የለም። ስሙን አላወጀም፤ ሥራው ግን ይኸው ስንት ዘመን ሲመሰክርለት ኖረ ይላሉ።

ነገሩ መልካም ነው፤ ግን በዚህ ዘመን ላለው አናጢ ሙሉ መልስ አይሆንም። የደብረ ዳሞው ጠራቢ ደንበኛ ፍለጋ ገበያ የወጣ አይመስልም። በአዲስ አበባ አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ መጋዝና መላጊያ በብድር ገዝቶ፣ ሁለት ረዳት ቀጥሮ የሚሠራ ሰው ግን ሥራው በክፍሉ ውስጥ ተከድኖ ቢቀር ማን ያይለታል? ኪራዩ ወሩን ቈጥሮ ይመጣል። ረዳቶቹ ቅዳሜ ማታ እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ልጆች አሏቸው። ዝምታው ለእርሱ ትሕትና ቢሆንለት ለእነርሱ ረኃብ ይሆንባቸዋል። በሌላ ሰው ጦም የሚገዛ ትሕትና ደግሞ ምን ዐይነት ትሕትና እንደ ሆነ መመርመር አለበት።

በዚህም ላይ በዚህ አገር የእጅ ሠራተኛ ዝም ማለቱ ሁልጊዜ ከትሕትና የመጣ አልነበረም። ከንቀት የመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ጠራቢው በሥራቸው ስም ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። የናዝሬት ሰዎችም ጌታን ሊያቃልሉ በፈለጉ ጊዜ የጠራቢ ልጅ መሆኑን ነው ያነሡት። እጅግ የሚያስደንቀው ግን በቅኔ ቤት የሚገኘው ነው። ሊቃውንቱ የምስጢርን መንገድ ሰምና ወርቅ ብለው ሲሰይሙ ስሙን የወሰዱት ከማን ነው? ከአንጥረኛው ነው። አንጥረኛ ምስሉን አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያስወጣና በቦታው ወርቁን ያፈስሳል። የዕውቀታቸውን ከፍተኛ ማዕርግ በእጅ ሠራተኛ ሥራ የሚጠሩ ሰዎች፣ ያንኑ ሠራተኛ በማዕድ አጠገባቸው ለማስቀመጥ ሲጸየፉ ኖሩ። ይህን አስቦ የማያፍር ባለቅኔ ካለ እስከ አሁን ስለ ምን ሲቀኝ እንደ ኖረ ራሱን ይጠይቅ።

እንግዲህ እንዲህ ካለው ንቀት የወጣ ሰው ቀና ብሎ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መልካም ነው፤ ኑና እዩ» ቢል ትዕቢት ሊባልበት አይገባም። ደጃፉ ላይ ሰሌዳ ቢሰቅል፣ የሠራውን አልጋ ሥዕል በቴሌግራም ቢያሠራጭ፣ የድሮ ደንበኞቹን «ለወዳጆቻችሁ ንገሩልኝ» ብሎ ቢለምን፣ ይህ ሁሉ ደጅን ከፍቶ እንግዳን እንደ መጥራት ነው። በ1990 ዓ.ም. መንግሥት የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማትን ስልት ካወጣ ወዲህ በየከተማው ብዙ ወጣቶች በእንጨትና በብረት ሥራ ተደራጅተዋል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች በሚሠሩበት ጊዜም የበርና የመስኮት ሥራ ለብዙዎቹ እንጀራ ሆኗል። የመንግሥት ሥራ ሲያልቅ ግን ደንበኛን ራሳቸው መፈለግ ግድ ሆነባቸው፤ መፈለግ ያልቻሉትም መጋዛቸውን ሸጡ። ስለዚህ ጥያቄው ሠሪ ይናገር ወይስ ዝም ይበል የሚለው መሆኑ ይቀራል። ይናገር። ምን ይናገር የሚለው ግን ገና አልተመለሰም።

ይህን ለመመለስ የእንጨትን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የአናጢ እውነትና ሐሰት ያለው በእንጨቱ ውስጥ ነውና።

ዛፍ ሲቆረጥ ውሃ የተሞላ ነው። ውሃው እየቀነሰ ሄዶ ከደረቁ እንጨት ክብደት ከመቶ 30 ገደማ እስኪደርስ ድረስ እንጨቱ ቅርጹን ብዙም አይለውጥም። ከዚያ በታች መውረድ ሲጀምር ግን ይኮማተራል። በርዝመቱ የሚኮማተረው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በጎኑ ግን ይጠባል፤ የዕድሜውን ቀለበት ተከትሎ የሚጠብበው ደግሞ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ባለው መንገድ ከሚጠብበው እጥፍ ያህል ነው። ጣውላ የሚጣመመውና የሚሰነጠቀው በዚህ አለመመጣጠን ምክንያት ነው። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላ ሥር፣ በመካከሉ ቀጫጭን ዱላ እየተጋደመ ነፋስ እንዲያገኘው ተደርጎ ቢከመር፣ እንደ እንጨቱ ዐይነትና እንደ አየሩ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ይፈጅበታል። ደርቆም ቢሆን ጨርሶ አይተኛም፤ በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል። በነሐሴ አልዘጋ ያለ በር በጥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት የሚያሳየው ስለዚህ ነው።

ዐይነቱም አንድ አይደለም። ዋንዛ ለመላጊያ የሚመች፣ መልኩ ያማረ፣ ልቡም ምስጥን በመጠኑ የሚቋቋም ነው፤ ስለዚህ የቤት ዕቃ ሠሪ ይወደዋል፤ የጅማ ጠራቢዎች ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ ያለ መጋጠሚያ የሚፈለፍሉትም ከእርሱ ነው። ዝግባ ለስላሳና ቀጥ ያለ ነው፤ ግን ምስጥ ይወደዋል። ጽድ ሽታው የሚጣፍጥ፣ በምስጥም በብልዘትም የማይደፈር ነው፤ ነገር ግን ምስማር ሲመታበት ቶሎ ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ መጥቶ ከተማዪቱን ከማገዶና ከማገር ችግር ያወጣ ባለውለታ ነው፤ ሲደርቅ ግን ክፉኛ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። እነዚህ ሁሉ ተልገው፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቀው፣ አንድ ዐይነት ጠቆር ያለ ቫርኒሽ ከተቀቡ በኋላ ግን ገዢው ለይቶ ሊያውቃቸው አይችልም። ጉጡ ወድቆ የቀረው ጉድጓድ በሰጋቱራና በኮላ ተሞልቶ ከተፋቀም ያንን ያለ ሠሪው የሚያውቅ የለም።

ግዴታው የሚወለደው ከዚህ ነው። ሽንኩርት ሻጭና ሽንኩርት ገዢ በዕውቀት ትክክል ናቸው፤ ገዢዪቱ በእጅዋ ጨብጣ ታውቃለች፤ ስለዚህ ሻጪዪቱ «ማር ነው» ብትል ማንም አይታለልም፤ የገበያ ዜማ ነው። አናጢና ደንበኛው ግን ትክክል አይደሉም። አንዱ ያያል፣ ሌላው ያምናል። በዚህ ስፍራ የሚነገር ቃል ዜማ አይባልም። ሕግም ይህን ስለ ተመለከተ ነው ዝም ያላለው። ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት የሚናገር አንቀጽ አለው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ስለ ሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ደግሞ ሐሰተኛ ማስታወቂያን ይከለክላል። ሕግ ግን የሚደርሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ቁም ሣጥን ይዞ ፍርድ ቤት የሄደ ሰውም ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ተራግሞ ይተወዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚነሣ ነገር አለ። በዛሬ ጊዜ ከሚሸጠው የቤት ዕቃ ብዙው ውስጡ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ሆኖ ላዩ በቀጭን የእንጨት ልጥ ወይም እንጨት በሚመስል ወረቀት የተለበጠ ነው። ይህ ራሱ ሐሰት አይደለምን? የሚል ሰው አለ። አይደለም። ሙሴ እንዲያሠራው የታዘዘው ታቦት እንጨት ሆኖ ሳለ በወርቅ የተለበጠ ነበር፤ ሐሰት ነው ያለው ግን የለም። መለበጡ የተሰወረ አልነበረምና። ደግሞም በውጭ ብቻ ሳይሆን በውስጥም እንዲለበጥ መታዘዙን ልብ ይሏል፤ ማንም የማያየው ገጽታ ከሚታየው አልተለየም። መለበጥ ሐሰት የሚሆነው የልባጡ ዋጋ ቀርቶ የሙሉ እንጨት ዋጋ በተጠየቀበት ቀን ነው። ቺፑድን ቺፑድ ብሎ የሚሸጥ ሰው ለድኻ ቤት ዕቃ አስገባ፤ ሊመሰገን ይገባዋል። «ሙሉ ዋንዛ ነው» ብሎ የሸጠው ግን ሰምና ወርቁን ገለበጠ፤ በቅኔ ሰሙ ላይ ሆኖ ወርቁ ከሥር ይገኛል፤ ሰሚውም ከሥር ወርቅ እንዳለ ዐውቆ ይፈልገዋል። በዚህ ገበያ ግን ወርቁ ላይ ሆኖ ከሥር ሲፈለግ ሰጋቱራ ይወጣል።

ስለ ሥዕሉም ጉዳይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። በባሕር ማዶ የተሠራ ሳሎን ሥዕል ከቲክቶክ አውርዶ «የእኛ ሥራ» ብሎ መለጠፍ የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ በጉባኤ እንደ መዝረፍ ነው። በቅኔ ቤት ይህን ያደረገ ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ያውቀዋል። «እንዲህ ያለውን ለመሥራት እሞክራለሁ፤ የሠራሁት ግን ይህ ነው» ብሎ ሁለቱን ለይቶ ማሳየት ይቻላል፤ ደግሞም ደንበኛን አያሸሽም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ቀብድ ነው። በቃል የሚዋሽ አናጢ ጥቂት ነው፤ በቀብድ የተያዘ ግን ብዙ ነው፤ መጀመሪያ የሚስተውም በምላሱ ሳይሆን በሒሳቡ ነው። ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ወጣት አናጢ በአሳብ ይሣል።

ይህ ወጣት እጁ መልካም ነው። ሥራ ቤት በከፈተ ጊዜ ደንበኛ ለማግኘት ከጎረቤቶቹ ዝቅ ያለ ዋጋ ሊጠይቅ ወሰነ። ለምሳሌ ለአንድ ቁም ሣጥን እንጨቱ፣ ኮምፔርሳቶው፣ ማጠፊያውና ቫርኒሹ 22,000 ብር ይፈጅበታል፤ ለረዳቶቹ 8,000 ብር ይከፍላል። ይህ 30,000 ሆነ። እርሱ 34,000 ብር ሸጠና 4,000 ብር አተረፍሁ ብሎ ለቤቱ አስቤዛ አዋለው። የክፍሉን ኪራይ፣ የመብራቱን፣ የመጋዙን ማሳያ ግን አልቈጠረም፤ ይህ ደግሞ ለአንድ ቁም ሣጥን ሲደለደል 3,000 ብር ነው። እንግዲህ አንድ ቁም ሣጥን በሸጠ ቍጥር 3,000 ብር ጐደለበት ማለት ነው። ጉድለቱን ግን አላየውም፤ ሁልጊዜ አዲስ ደንበኛ ከአዲስ ቀብድ ጋር ይመጣ ነበርና። የሁለተኛው ሰው ቀብድ የመጀመሪያውን ጐዶሎ ሞላ፤ የሦስተኛው የሁለተኛውን። ሰው ሁሉ ርካሽነቱን ሰምቶ ስለ መጣለት ሥራው የሰፋ መሰለው። አራት ቁም ሣጥን ሸጦ 12,000 ብር ገደል ውስጥ መሆኑን ያወቀው አምስተኛው ሰው በመጣ ጊዜ ነው።

አምስተኛው የሙሽራ አባት ናቸው። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሠርጉ በጥር። አልጋውን ቀድሞ ከሠራው ላይ ተስማሙ፤ ቁም ሣጥኑን በ34,000 ብር ተዋውለው ግማሹን፣ 17,000 ብር፣ ቀብድ ሰጡት። ከዚህ ውስጥ 12,000 ብር የቆየው ኪራይና ዕዳ ወሰደው። 5,000 ብር ቀረው። ደረቅ ዋንዛ ያለው ነጋዴ ደግሞ በእጅ በእጅ ካልሆነ አይሸጥም። በዱቤ የሚሰጠው ሌላው ነው፤ የእርሱ ጣውላ ግን ክረምቱን ደጅ ያደረ፣ እጅ ሲያርፍበት የሚቀዘቅዝ ነው። ወጣቱ ያን አመጣ።

አሁን ምን ያድርግ? ዝም ብሎ ቢሠራው በጥር ያማረ ይሆናል። ቫርኒሹ ያበራል፣ ሙሽራዪቱ ትደሰታለች፣ ቀሪው 17,000 ብር ይከፈላል። በመጋቢት ግን በሩ ይሸሻል፤ የጎኑ ጣውላ በኮላ የተጣበቀበትን ይለቅቃል ወይም መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። ሊናገርም ቢፈልግ ሕጉ ከባድ ነው፤ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 34,000 ብር ከየት ያመጣል? መጋዙን ቢሸጥ ሁለቱ ረዳቶች ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ይቀራሉ።

ለዚህ ወጣት ጥብቅና የሚቆም አይጠፋም። ጠበቃውም እንዲህ ይላል፦ «ሐሰት አልተናገረም፤ ዋንዛ አለ፣ ዋንዛ ነው። ስለ መድረቁ ማን ጠየቀው? ደግሞም ሲሰነጠቅ ያለ ዋጋ ሊጠግንላቸው በልቡ ወስኗል። ለሁለት ቤተ ሰብ እንጀራ ሲባል ጥቂት ወራት ዝም ቢል ምን አጠፋ?» ይህ ክርክር እንደ ተራ ማታለል ተቈጥሮ የሚናቅ አይደለም። ምሕረት አለበት፤ ደግሞ ብዙ ደግ ሰዎች የሚኖሩበት ክርክር ነው።

ይሁን እንጂ ሦስት ቦታ ላይ ይላላል። ባልተጠየቅሁት ዝም አልሁ ማለት ጠያቂው ምን መጠየቅ እንዳለበት ቢያውቅ ኖሮ ይሠራ ነበር፤ ባለማወቁ መጠቀም ግን ዕውር ፊት ገንዘብ እንደ መቍጠር ነው። በልብ ያለ የመጠገን አሳብም ለልብ ባለቤት እንጂ ለሙሽራዪቱ አባት አይታወቅም፤ እርሳቸው የገዙት ደህና ቁም ሣጥን ነው፤ ተሰብሮ የሚጠገን ቢሆን ኖሮ ምናልባት አይገዙትም ነበር፤ ያ ምርጫ የእርሳቸው ሆኖ ሳለ ተወሰደባቸው። ሦስተኛው የረዳቶቹ እንጀራ ነው። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። ነገር ግን እንጀራቸውን አደጋ ላይ የጣለው እውነቱን መናገሩ አይደለም፤ ያልተቈጠረው 3,000 ብር ነው። ርካሽ ዋጋው ለደንበኛ ደግነት መስሎ ነበር፤ ሲመረመር ግን ወጣቱ በራሱ ገንዘብ ደግ አልሆነም፤ በሚቀጥለው ሰው ቀብድ ነበር ደግ የሆነው። ቀብድ ደግሞ ዕቃው ተሠርቶ እስኪሰጥ ድረስ አደራ ነው። አራቱ ደንበኞች በርካሽ የገዙት ከአምስተኛው ኪስ ተወስዶ ነው፤ ማንኛቸውም ግን አላወቁም።

ከዚህ የተነሣ ሊባል የሚገባ ነገር አለ፤ ብዙዎች ባይወዱትም። ተገቢውን ዋጋ መጠየቅ ስስት አይደለም። ኪራዩን፣ መብራቱን፣ የመጋዙን እርጅና፣ የራሱን ድካም ቈጥሮ «37,000 ብር ነው፤ ከዚህ በታች አልችልም» የሚል አናጢ ገዢውን አይበድልም፤ እንዲያውም ለእውነት የሚሆን ስፍራ በሒሳቡ ውስጥ ያስቀምጣል። ደረቅ እንጨት ለመጠበቅ ጊዜ የሚገኘው ከትርፍ ነው። ያለ ትርፍ የሚሠራ ሰው ቶሎ መሸጥ አለበት፤ ቶሎ የሚሸጥም እርጥቡን ይሸጣል። በአንጻሩ የገዢን ልብስና መኪና አይቶ ዋጋ የሚለዋውጥ አለ፤ ይህ ደግሞ ሌላ ደዌ ነው፤ ሰነፍ ሒሳብ ከማድረጉም በላይ ዋጋው በእንጨቱ ላይ ሳይሆን በሰውየው ፊት ላይ እንደ ተጻፈ ስለሚያስመስል፣ ተራው ደንበኛ ሲሰማ ዳግመኛ አያምንም።

ወጣቱ ሲያስብ አድሮ፣ በነጋው ወደ ሙሽራዪቱ አባት ሄደ ይባል። እንደ ተቀመጠም ሳይግደረደር፦

«ጋሼ፣ የልጅዎ ቁም ሣጥን እንጨት እርጥብ ነው። በጥር ሠርቼ ባስረክብዎ ያማረ ይመስላል፤ በመጋቢት ግን ይሰነጠቃል። ደረቁን ለመግዛት ገንዘቡ አጥሮኝ ነው፤ ገንዘቡም ያጠረኝ በእኔ ሒሳብ ጉድለት ነው። አልጋውን በጥር አስረክባለሁ፤ እርሱ ደረቅ እንጨት ነው። ቁም ሣጥኑን ግን እስከ ፋሲካ ቢታገሡኝ ጣውላውን አድርቄ እሠራዋለሁ፤ ለመዘግየቱም ከዋጋው እቀንሳለሁ። አይሆንም ካሉ ቀብድዎን እየከፋፈልሁ እመልሳለሁ።»

ሽማግሌው ተቈጡ። «ሠርግ ደርሶ እንዲህ ይባላል? ልጄ ልብስዋን በምን ላይ ትስቀል? ደግሞስ ይህን ለምን ነገርኸኝ? ዝም ብትል አላውቅም ነበር።»

«ዛሬ አያውቁም ነበር፤ ሚያዝያ ላይ ግን እንጨቱ ራሱ ይነግርዎ ነበር።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ተረት ለእንጨት ሥራ የተነገረ ይመስላል። ግን ይህን ምላሽ የሰሙት አባት ደስ አላቸው ብሎ መጻፍ ነገሩን ማሳመር ይሆናል። ምናልባት ተነሥተው ቀብዳቸውን ጠየቁ፤ ምናልባትም ወደ ጎረቤቱ ሥራ ቤት ሄደው፣ እርጥቡን «ደርቋል» ከሚለው ሰው ገዝተው፣ በጥር ደስ ብሏቸው ሠርጉን አሳለፉ። እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ወጣቱ ተሳሳተ ይባላልን? ብዙ ሰዎች የእውነትን ትክክለኛነት በሚያመጣው ደንበኛ ብዛት ሊመዝኑት ይፈልጋሉ፤ እውነትን የተናገረ ሥራው ይሰፋል ብለው ወጣቶችን ያስተምራሉ። አንዳንድ ጊዜ ይሰፋል። አንዳንድ ጊዜ መጋዙ ይሸጣል። ለትርፍ ሲባል የተነገረ እውነት ትርፉ በቀረበት ቀን አብሮ ይቀራል፤ ስለዚህ ለወጣቶች ሁለቱንም መንገር ይሻላል። ወጣቱ የተናገረው ሽማግሌው ሊያውቁት መብት የነበራቸውን ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው በእጁ አልነበረም።

ከእንጨቱ ዐይነትና ከመድረቁ ሌላ፣ ከየት መጣ የሚል ጥያቄም አለ፤ ገዢዎች ብዙ ጊዜ አይጠይቁትም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ እየመነመኑ ስለ ሄዱ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ገበሬ በማሳው ዳር ያሳደገው ዋንዛ ሌላ ነው፤ በሌሊት ከደን የወጣ ሌላ ነው፤ ተልገው ግን አንድ ይመስላሉ። ይህንም ቢሆን የሚያውቀው፣ ወይም ለማወቅ ያልፈለገው፣ አናጢው ነው።

ሽማግሌው ተቈጥተው ሄደው ሳለ በማግሥቱ ተመለሱ ይባል፤ እንዲህ ያለውም አይታጣምና። አልጋው በጥር ተረከበ። ሙሽራዪቱ ልብስዋን ለጊዜው በሻንጣ አስቀመጠች፤ ጥቂትም አኰረፈች። ጣውላዎቹ በሥራ ቤቱ ጥግ፣ ከግድግዳው ፈቀቅ ብለው፣ በየመካከላቸው ቀጫጭን ዱላ እየተጋደመ ተከመሩ። ወጣቱ በላይኛው ጣውላ ጫፍ ላይ የተከመሩበትን ቀን በጠመኔ ጻፈ። ክምሩ ጠባቡን ክፍል ስላጣበበው ሌላ ዕቃ ለመሥራት አስቸገረ፤ ረዳቶቹም አጕረመረሙ። ሥራ ለማሠራት የሚገቡ ሰዎች እያለፉ ያዩታል።

«ይህስ ለምን ተቀመጠ? አይሸጥምን?» ይላሉ።

«የሰው ነው» ይላል ታናሹ ረዳት መላጊያውን ሳያቆም፤ «እስኪደርቅ ነው።»